ሰው በምን ሰው ተባለ?

በጥቅምት ወር ከወልድያ ተነሥቶ ጎብዬንና ሮቢትን እያለፈ ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ፥ በምሥራቅ የዞብልን ተራራ በምዕራብ የግዳንንና የላስታን ደጋ አጥር አድርጎ የተዘረጋውን ሜዳ ማሽላ ለብሶ ያገኘዋል። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ ራሱ ከብዶት ያዘነብላል። በእርሻው መካከል ከእንጨት የተሠራ ማማ ይታያል። በማማው ላይ ልጅ ቆሞ ወንጭፉን ያጮሃል፤ ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ሆኖ መጥቶ የዓመቱን ቀለብ በጥቂት ቀን እንዳይጨርሰው ሲጠብቅ ይውላል።

እኛም ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ለጉዳይ ወደዚያ ወርደን ሳለን፥ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ገበሬ ጠበል ጻዲቅ ቅመሱልኝ ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደን። ትልቁ ልጁ በማማው ላይ ነበረ። ታናሹ፥ ዕድሜው 11 ዓመት የሆነው፥ ከማማው ሥር ተቀምጦ በጭቃ ይጫወት ነበር። ይህ ታናሽ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ትልቁ ከማማው ወርዶ እጅ ከነሣን በኋላ ስልኩን አውጥቶ አሳየን፤ የጠየቁትን ሁሉ በአማርኛ የሚመልስ ነገር በውስጡ አለ። ስለ ግሪሳ ጠየቀው፥ መለሰለት፤ ግጥም ግጠም አለው፥ ገጠመለት። አባትየው ይህን ሁሉ በዝምታ ሲመለከት ከቆየ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብሎ እንዲህ አለን፦

«የኔታ፥ በዐውደ ምሕረት ሲሰበክ ሰምቻለሁ። የእንስሳ ነፍስ ደመ ነፍስ ናት፤ የሰው ነፍስ ግን ነባቢት ናት፥ ትናገራለች ተብለን ተምረናል። ይኸው ዕቃው ይናገራል። ልጄ አይናገርም። እንግዲህ የዚህ ልጅ ነፍስ ምን ትባላለች?»

በዚያን ሰዓት የሰጠነው መልስ ዛሬም ያሳፍረናል። የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም ብለን ቡናችንን ጠጥተን ተነሣን። ሰውየው ግን የለመነን ማጽናኛ አልነበረም፤ የጠየቀን ትምህርት ነበር። ከእኛ ከመምህራን አፍ የወጣ ቃል ነው ሌሊት እንቅልፍ የነሣው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ተገድደናል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት ብለው ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፤ እነርሱም መሬት፥ ውሃ፥ ነፋስና እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ እነርሱም ልብ፥ ቃልና እስትንፋስ ናቸው። ነፍስ በልብነቷ ለባዊት፥ በቃልነቷ ነባቢት፥ በእስትንፋስነቷ ሕያዊት ትባላለች። በሐሙስ ቀን ከውሃ የተገኙት ተንቀሳቃሾች፥ በዓርብም ቀን ከምድር የተገኙት እንስሳትና አራዊት በደመ ነፍስ የሚኖሩ ናቸው፤ ደማቸው ሲቀዘቅዝ ነገራቸው ሁሉ ይፈጸማል። የሰው ነፍስ ግን ሥጋዋን ተለይታ ትኖራለች። ትምህርቱ ይህ ነው፤ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም። የሚያስቸግረው ነገር ሰሚው «ነባቢት» የሚለውን ቃል በምላስ ከሚነገረው ድምፅ ጋራ አንድ አድርጎ መያዙ ነው።

ብዙ ሰዎች ሰውን ከእንስሳ ለመለየት ሲፈልጉ «ሰው ጥበበኛ ነው፥ አዲስ ነገር ይፈጥራል» ይላሉ። ይህ አባባል ብቻውን አይበቃም። በዚያው በቆቦ ሜዳ በግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ቤቱን በሣር የሚጎነጉን ወፍ አለ፤ ያለ መምህር፥ ያለ መርፌ፥ አፉን እንደ ወስፌ አድርጎ ይሠራዋል። ንብ ሰፈፉን ስድስት ማዕዘን አድርጋ ስትሠራ መለኪያ አትይዝም። ምስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ያቆማል። ጥበብ በእጅ ሥራ ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን ከንብ በታች በተቈጠርን ነበር።

ነገር ግን ወፊቱ የሠራችውን ቤት ቆማ አትነቅፈውም። እናቷ የሠራችውን አይታ «እኔ ከዚህ የተሻለ እሠራለሁ» አትልም፤ ቢፈርስባትም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አትጠይቅም። የቆቦ ገበሬ ግን ማሽላው ከመታጨዱ በፊት በእርሻው ውስጥ እየተዘዋወረ፥ የቆመውን እየመረመረ፥ ለዘር የሚሆነውን ራስ ለይቶ ይቆርጣል፤ የመረጠውንም ጢስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። አንዱን ደጋሊት፥ ሌላውን ጅጉርቲ እያለ በየጠባዩ ስም ያወጣለታል። አዳም እንስሳቱን በየስማቸው እንደ ጠራ፥ ይህም ስም ማውጣት ከእርሱ የወረስነው ሥልጣን ነው። በወሎ ገበሬዎች ዘንድ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዘር አለ፤ እሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ስለሚጣፍጥ ይህን ስም አገኘ። በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን ብዙ ሺህ የማሽላ ዘር መርምረው፥ ላይሲን የሚባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው ነገር እጅግ በዝቶ የተገኘባቸው ሁለት ዘሮች ከኢትዮጵያ የሄዱ መሆናቸውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ዘር ከሌላው ለይቶ፥ ስም ሰጥቶ፥ ከአባት ወደ ልጅ ያሳለፈው ገበሬ ግን መመርመሪያ መሣሪያ በዓይኑ አላየም። ቀመሰ፥ አስተዋለ፥ ፈረደ፥ ስም ሰጠ።

ያ ዘመን፥ 1965 እና 1966 ዓ.ም.፥ የወሎ ሕዝብ በረኀብ ያለቀበት ዘመን መሆኑንም አንዘነጋውም፤ የራያና የቆቦ ቆላ እጅግ ከተጎዱት ወገን ነበረ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ዘር አውርዶ ለጥቂት ቀን መሰንበት፥ ወይም ልጅን ጦም አሳድሮ ዘሩን ለመጪው ክረምት ማቆየት፤ ይህን የመሰለ ፈተና በእንስሳ ላይ አይደርስም። እንስሳ ነገን አያየውምና ዛሬ በልቡ ለሁለት አይከፈልም። ይህን ስንል ዘሩን የበላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የበላውም ያልበላውም ያን ሌሊት ከራሱ ጋራ ተሟግቷል፥ ነገራችንም ስለዚሁ ሙግት ነው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ምእመን የለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ሲማር ትምህርት አልገባ ብሎት፥ አጎቱ ጌዴዎን ቢቀጣው ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ወደ ዛፉ ልትወጣ ስትሞክር፥ ስትወድቅም፥ በሰባተኛውም ጊዜ ተሳክቶላት ስትወጣ አየ። ይህን ታሪክ ለሕፃናት የምንነግራቸው የትጋት ምሳሌ አድርገን ነው፤ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ትጋቱ የትሏ ነበረ። የያሬድስ ድርሻ ምን ነበረ? ትሏ ሰባት ጊዜ ስትወጣና ስትወርድ ያሬድን አላየችውም፤ መምህር መሆኗንም አላወቀችም። ያሬድ ግን በትሏ ውስጥ ራሱን አየ። «ይህ የእኔ ነገር ነው» አለ፤ በራሱ ላይ ፈረደ፤ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግዕዙ፥ ዕዝሉ፥ አራራዩ ሁሉ በዚህች በአንዲት ቅጽበት ላይ የቆመ ነው። ወፎች ከያሬድ በፊትም ይዘምሩ ነበረ፤ ዜማውን በበዓላትና በወቅት ከፍሎ፥ ይህ ለጾም ይህ ለፋሲካ ብሎ ለፈጣሪው መልሶ ያቀረበው ግን ሰው ነው። ሊቃውንት «ለባዊት» ሲሉ ይህን የልብ ወደ ራሷ መመለስ እንደሚያመለክቱ እናስተውላለን።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ከቆቦ ወደ ደጋው ወጥቶ እስከ ዋድላ የዘለቀ ሰው የቅኔ አገር ገባ፤ ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ ስሙ የሚጠራ የቅኔ መንገድ ያለው ነውና። በዚያ ያለ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በለመነው ቁራሽ እየኖረ፥ ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ መወድስ ስምንት ቤት እስኪደርስ ድረስ ሕጉ አንድ ነው፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፥ የሌላውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ያቀረበም በጉባኤው መካከል ያፍራል። ቤቱ ቢመታ፥ ምሥጢሩ ባዶ ከሆነ የኔታ ዝም ብለው ያዩታል፤ ያ ዝምታ ከአለንጋ ይልቅ ያማል።

በስልክ የሚናገረው፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መሣሪያ፥ ሰዎች በየዘመኑ የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፥ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚገባው በስሌት እያገኘ የሚናገር ነው። አጋንንት ያደሩበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ እንዲህ አንልም፥ የሰው እጅ ሥራ ነው። የሚናቅም አይደለም፤ የገበሬው ልጅ ስለ ግሪሳ ጠይቆት ያገኘው መልስ ጥሩ መልስ ነበረ። ነገር ግን ያ ቃል ባለቤት የለውም። ግጥሙ ቢበላሽ የሚያፍር፥ ቢሰምር ተመስገን የሚል፥ በሐሰት ቃሉ ሰው ቢጎዳ ንስሐ የሚገባ ማን ነው? በአገራችን «ቃሌ ነው» ማለት ራስን መያዣ አድርጎ መስጠት ነው፤ ቃሉን የበላ ሰው ራሱን እንደ በላ ይቈጠራል። መሣሪያው ቃል ያወጣል እንጂ ቃል አይሰጥም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ባወጣው ጽሑፍ፥ መኪና ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ በፈተና ለመመለስ አሰበ። መርማሪው ከማያያቸው ከሁለት ወገኖች ጋራ በጽሑፍ ይነጋገር፤ ሰውየውንና መሣሪያውን መለየት ካቃተው መሣሪያው ያስባል እንበል አለ። ብልህ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና ግን ያ ስልክ ሊያልፍ ይችላል፤ ከማማው ሥር የተቀመጠው ልጅ ግን ይወድቃል። ጥፋቱ የቱሪንግ አይደለም፥ እርሱ የሰውን ክብር ሊመዝን አልተነሣምና። ጥፋቱ የሚመጣው ሌላው ሰው ይህን የመሰለውን ሚዛን አንሥቶ ማን ሰው ነው ማን አይደለም ብሎ ሲለካበት ነው።

ይህም በታሪክ ሲደረግ የኖረ ነው። አርስጣጣሊስ ሰው ከእንስሳ የሚለየው በነባቢነቱ ነው ብሎ ካስተማረ በኋላ፥ በዚያው መጽሐፉ የማሰብ ኃይላቸው ያነሰ፥ በተፈጥሮ ባሪያ የሆኑ ሰዎች አሉ አለ። በእኛም ዘመን አቅራቢያ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 እና በ1941፥ የጀርመን ናዚ መንግሥት የአእምሮ ሕሙማንንና አካለ ስንኩላንን ለሕይወት የማይገቡ ናቸው ብሎ፥ ከ70,000 በላይ የሚሆኑትን በሐኪሞች እጅ በመርዝ ጋዝ አስገደለ። እኛ እንዲህ ያለውን አላደረግንም እንል ይሆናል። ይሁን እንጂ በበዓል ቀን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበትን ቤት የማያውቅ ካህን ማን ነው?

የገበሬውን ቤት በወጣን በሦስተኛው ቀን መልስ ያገኘን መሰለን። ልጁ በጭቃ ሲጫወት የሠራውን አስታወስን። ከወንዝ ዳር ያመጣውን ደለል አድቦልቡሎ ሁለት በሬዎች ሠርቶ ነበረ፤ አንደኛው ቀንዱ የተሰበረ ነው፥ የአባቱም በሬ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የተሰበረውን ቀንድ በግራ በኩል አድርጎት ነበረ፤ ወደ በረቱ አየት አደረገና አፍርሶ በቀኝ በኩል ደገመው። እነሆ የራሱን ሥራ የሚነቅፍ! ወፊቱ ያላደረገችውን አደረገ። ይህን ለአባቱ ልንነግረው ተደሰትን።

ነገር ግን ጥቂት ቆይተን መልሱ ወጥመድ እንደ ሆነ ተረዳን። ልጁ በሬውን ባይሠራስ ኖሮ? እጁም እንደ ምላሱ ቢታሰር፥ ጭቃውን አይቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥስ? የሚቀጥለው ቤት ልጅ እንዲህ ቢሆንስ? እኛም ሳናውቀው ፈተና ፈትነን አሳለፍነው እንጂ ፈተናውን አልሻርነውም። እስካሁን የጻፍነው ሁሉ፥ ስም ማውጣቱ፥ በራስ ላይ መፍረዱ፥ ቃል መስጠቱ፥ የሰው ነፍስ የምታደርገውን የሚናገር ነው። የገበሬው ጥያቄ ግን ነፍስ ምን ታደርጋለች አልነበረም፤ ምንድን ናት ነበረ።

መልሱ ከትምህርታችን ውስጥ ሳለ ሌላ ቦታ ስንፈልግ ኖረናል። ሊቃውንት ነፍስን የሥላሴ ምሳሌ ሲያደርጓት፥ ልብን በአብ፥ ቃልን በወልድ፥ እስትንፋስን በመንፈስ ቅዱስ ይመስላሉ። ቃል ከልብ ይወለዳል፤ ልብ ከተገኘች ጀምሮ ቃል አልተለያትም። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች አርዮስን ያወገዙት ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ በማለቱ አይደለምን? ምሳሌ ዘየሐጽጽ መሆኑን ሳንረሳ፥ በዚሁ አንጻር ስንናገር፥ ልብ አላት ቃል ግን የላትም የምትባል የሰው ነፍስ ልትኖር አትችልም። ቃል የሚጀምረው አፍ ሲከፈት ነው የሚል ሰው ምሳሌውን ያፈርሰዋል። አፍ በር ነው፤ በሩ ቢዘጋ ባለቤቱ ከቤት የለም ማለት አይደለም። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ ነባቢት ነፍሱ አልተወሰደችበትም፤ ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ጻፈ። ሰሌዳ ባያገኝም ኖሮ ስሙ በልቡ ነበረ።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ይህንኑ ሲመሰክር ይኖራል። ወንድ ልጅን በ40 ቀኑ፥ ሴትን በ80 ቀኗ ስናጠምቅ ማንን ፈትነን ነው? ሕፃኑ ሃይማኖቱን አይናገርም፤ የክርስትና አባቱ ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳል፥ ስለ እርሱ ያምናል። በዚያው ቀን ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ቅብዐ ሜሮን የሚቀባው ካህን «ይህ ልጅ ወደ ፊት ይናገር ይሆን? ቅኔ ይቆጥር ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም። ሌላው ሰው ቃል የሚያውስለት ሕፃን ሰው ነው፤ ሁላችንም የገባነው በዚህ በር ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ የ40 ቀን ሳለ የተሰጠውን ማን ወሰደበት?

በዐውደ ምሕረት የምንቆም ወገኖች እንግዲህ «ነባቢት» ስንል ትርጓሜውን ሳንጨምር እንዳናልፍ ይገባናል። ከሰሚዎቹ መካከል የማይናገር ልጅ አባት፥ አእምሮዋን የሳተች እናት ልጅ፥ ራሱን ሳያውቅ የተኛ ሕመምተኛ የሚያስታምም ወንድም አይጠፋም። ደግሞም መታወቅ ያለበት፥ ከማይናገሩት ብዙዎቹ የማይሰሙ በመሆናቸው ብቻ ነው የማይናገሩት፤ እነዚህ በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ። የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ትምህርት ተከፍቶለታል። በሩ አንድ ብቻ አይደለም። የገበሬው ልጅ የትኛው እንደ ሆነ እኛ ሐኪም ስላይደለን አልፈረድንም፤ ወደሚያውቁት እንዲወስደው ግን ለምነነዋል።

ይህን ሁሉ ይዘን በዚያው ዓመት ኅዳር 21 ቀን፥ ለጽዮን በዓል፥ እንደ ገና ወደ ቆቦ ወረድን። ማሽላው ታጭዶ ነበረ፤ ማማው ባዶውን ቆሟል። ገበሬውን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አግኝተን የዘገየውን መልሳችንን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማ። «ከ40 ቀኑ ጀምሮ እንዲያ ከሆነ፥ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በበዓል ቀን እቤት እተወው ነበር» አለ። «እኛም ያን ቀን ቡና ጠጥተን ሄድን» አልነው። ልጁ በዚያን ዕለት አብሮት መጥቶ ነበረ። ወረቡ ሲጀመር ከሰዉ መካከል ሾልኮ ወደ ፊት ወጣ፥ ከበሮ ወደሚመታው ዲያቆን ቀረበና መዳፉን በከበሮው ጎን ላይ አኖረ። ዲያቆኑም አልከለከለውም።